ከአባዶ ሜክሲኮ ስመላለስ ዕድሜዬ አለቀ፤ ሐዋሳ ልግባ ወይስ አዲስ አበባ ልክረም?

የአባዶዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለቤቱ። እዚህ ቤት አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ዛሬ ግን የሚመክረኝ ሰው አስፈለገኝ።

የምንኖረው የካ አባዶ ነው። እናቴ በ1997 ተመዝግባ ስትጠብቅ ስትጠብቅ የደረሳት ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና እናቴ አለን። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ነው፤ ሒሳብ ክፍል።

ጠዋት 11፡30 እነሣለሁ። 12፡15 ላይ ሰልፍ ይዣለሁ። ከአባዶ አያት በታክሲ፣ ከአያት ሜክሲኮ በባቡር፤ ባቡሩ ከመጣ፣ መጥቶም የሚገባበት ቦታ ከተገኘ። ካልሆነ መገናኛ ሄጄ ሌላ ሰልፍ። 2፡30 ቢሮ ከገባሁ ቀኑ የተባረከ ነው። ማታ እንደዚያው፤ ዝናብ ከጣለማ አይወራም። ባለፈው ሳምንት ተናድጄ በደብተር ጻፍኩት፦ በአምስት ቀን 22 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ነበርኩ። ትንሹን ልጄን ነቅቶ የማገኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

አሁን ባለቤቴ ሐዋሳ ሥራ አገኘ። ደመወዙ ከዚህኛው ትንሽ ያንሳል። እኔም እዚያ ሥራ እንደማላጣ ይነግሩኛል። እናቴ "እናንተ ሂዱ" ብላ ዝም አለች። የእናቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እስቲ ንገሩኝ፤ አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ሆነን የምንኖረው ምን እያገኘን ነው? ለነገር ሳይሆን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

ሰባራ ባቡር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

ሂጂ። ዓሣውን ብቻ ላኪልን።

አራብሳ ደርሼ የቀረሁ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ ቅር አይበልሽና አንቺ የቤት ቁልፍ አለሽ። እኔ ከከተማው እኩል እየሰፋሁ የመጣሁ ሰው ነኝ። በ2006 ገርጂ አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ በዓመቱ "ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ" አለችኝ፤ ልጇ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ጎሮ ገባሁ። ጎሮ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ኪራዩ ጨመረ። ሰሚት ዞርኩ፤ እዚያም ተነጠፈ። አሁን ቦሌ አራብሳ ነኝ። መንገድ ሲሠራ የሚያዝን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። ግሬደር ባየሁ ቁጥር ሻንጣዬን አስባለሁ።

በ2016 የኪራዩ አዋጅ ወጥቶ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም ሲባል ተንፈስ አልኩ። አከራዬ ታዲያ "እሱ የወረቀቱ ነው፤ የኛ የሁለታችን ነው" አለኝ። እኔም ፈረምኩ፤ ምን ላድርግ?

ግን አልወጣም። ኤሌክትሪሺያን ነኝ። እዚህ በየቀኑ አንድ ሕንፃ ይበቅላል፤ ስልኬ አያርፍም። የተወለድኩበት ከተማ ብመለስ የከተማውን ማብሪያ ማጥፊያ በሙሉ በሁለት ወር ጨርሼ ቁጭ ብዬ ካርታ መጫወት ነው። ስለዚህ ለጥያቄሽ የኔ መልስ ሥራ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ስሜ ይቆየኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡05

እኔ ደግሞ ስለ ሥራ አላወራም።

ያደግኩት ትንሽ ከተማ ነው፤ ስሟን አልናገርም፤ ከተናገርኩ እኔን ታውቁኛላችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። እዚያ ሻይ ቤት ብገባ ወሬው ከኔ ቀድሞ እቤት ይደርሳል። ከባሌ ስለያይ ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴትዮ ሳትቀር "ምነው ልጄ፣ ትንሽ ብትችይው" አለችኝ። ደግነቷ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከሁሉም ሰው ያንኑ ስትሰሙት እስቲ ቻሉት።

አዲስ አበባ ስመጣ መጀመሪያ ያስደሰተኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ጀሞ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ማንም አለማየቱ። "የማን ልጅ ነሽ?" የሚል የለም። እሑድ ከፈለግኩ እተኛለሁ፤ ከፈለግኩ ብቻዬን ማኪያቶ እጠጣለሁ። ይሄን ሰዎች ብቸኝነት ይሉታል። ለኔ ዕረፍት ነው።

የአባዶዋ፣ አንቺ ባል፣ እናትና ልጆች አሉሽ፤ ጉዳይሽ ከኔ ይለያል። ብቻ "ከተማው ምን ይሰጠናል?" ስትይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአባዶዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ስሜ ይቆየኝ፣ አሳዘንሽኝም ደስ አሰኘሽኝም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ስለሆነ ያን ነፃነት እንደ አየር ቆጥሬዋለሁ መሰለኝ። ሐዋሳ ብገባ "የአዲስ አበባዋ" እባል ይሆን?

የዶሮ ማነቂያው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ጡረታ ላይ ስለሆንኩ ሰልፍ የለብኝም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ተወልጄ ያረጀሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ እኛም ተነሣን። አሁን ከተማው ዳር ነኝ፤ ከመስኮቴ ሌሎች ብሎኮች ይታዩኛል፤ ከነሱ ኋላ ደግሞ ሌሎች።

"ሰፈር" የሚለውን ቃል አስባችሁት ታውቃላችሁ? ከጦር ሠራዊት አሰፋፈር የመጣ ነው። ንጉሡና ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ ሲወርዱ መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተሰጣቸው። ራስ ብሩ በአንድ ወገን፣ ደጃች ውቤ በሌላው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በሌላው። ጌታው መሃል ላይ ግቢውን ያጥራል፤ ወታደሩና አሽከሩ፣ ጠጅ ጣይዋና እንጨት ፈላጩ ዙሪያውን ጎጆ ይቀልሳል። ለዚህ ነው በኛ ዘመን እንኳ የሚኒስትሩ ልጅና የጉልት ነጋዴዋ ልጅ አንድ ሜዳ ኳስ የተጫወቱት። ማንም አቅዶ አልሠራውም፤ እንዲያው በአሰፋፈሩ የመጣ ነው። እንዲያውም ከተማዋ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ተቃርባ ነበር፤ ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ለካ የመዛወር ነገር አብሮን የተወለደ ነው።

አሁን ባለሁበት ሁሉም ጎረቤት እንደኔ ነው፤ በዕጣ ወይም በምትክ የመጣ፣ ደመወዙም ችግሩም ተመሳሳይ። ሀብታሙ ሌላ ቦታ በግንብ አጥር ውስጥ ነው።

ይሄን ስል ግን ያለፈውን አላስጌጥም። ዶሮ ማነቂያ ቤታችን ጭቃ ነበር፤ ጣሪያው ያፈሳል። ሽንት ቤት ለስምንት አባወራ አንድ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷ ከታመመ በኋላ ሌሊት ወደዚያ ስትወርድ በባትሪ እየመራሁ እኔ ነበርኩ የምሸኛት። አሁን ከመኝታ ቤቷ ሦስት እርምጃ ነው። ጋዜጠኛ መጥቶ "ሰፈሩ ይናፍቅሃል?" ቢለኝ "አዎ" እለዋለሁ። ባለቤቴን ቢጠይቃት የሽንት ቤቱን በር ከፍታ ነው የምታሳየው።

ሰባራ ባቡር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡31

ጋሼ፣ ከቁርስ በፊት አስለቀሱኝ፤ ሽንት ቤቱ ላይ ደግሞ አሳቁኝ። ይጻፉ እባክዎ።

ባለ ታፔላ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ምሳ ሰዓት ስለሆነ ነው የገባሁት። ሚኒባስ ነው የምነዳው፤ ከዚሁ ከምሥራቁ አቅጣጫ ወደ መገናኛ። በዚህ ክር ላይ እስካሁን አንድም ሰው አለመስደቡ ገርሞኛል፤ ስለዚህ ቀድሜ ልናገር።

"አቆራርጦ ይጭናል" ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ እናቆራርጣለን። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። የመኪናው ባለቤት በየማታው የሚጠብቀው ገቢ አለ፤ ዘነበም አልዘነበም፣ ጎማ ፈነዳም አልፈነዳ። ጠዋት ከዳር ወደ መሃል ስወርድ ሰው በመስኮት ሊገባ ይደርሳል። ስመለስ ግን እኔና ረዳቱ ብቻ ነን። ጠዋት ወደ ዳር የሚሄድ ሰው የለም። ማን ይሂድ? እዚያ መኝታ እንጂ ሥራ የለም። ማታ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ነዳጁ ታዲያ ባዶ ሆንኩ ሙሉ ሆንኩ ያው ነው። ታሪፉ የወጣው የሞላ መኪና በሄደበት ልክ ነው፤ ባዶ የተመለስኩበትን የሚቆጥርልኝ የለም። ስለዚህ መንገዱን ለሁለት ቆርጬ አካክሳለሁ። ትራፊክ ሲይዘኝ ደግሞ እቀጣለሁ፤ እሱም ትክክል ነው።

የአባዶዋን አውቃት ይሆናል፤ ካወቅኩሽም "ጠጋ በይ" ብዬሽ ይሆናል። ይቅርታ።

የፕላን ሰው | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

ባለ ታፔላ በአንድ አንቀጽ የጻፈውን እኛ ባለሙያዎቹ በሠላሳ ገጽ ነው የምንጽፈው። "እዚያ መኝታ እንጂ ሥራ የለም"፤ ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር መሃል ከተማም ገብቶ ነበር፤ ልደታና ጎተራ ምስክር ናቸው። መሃል መሥራት ግን ነዋሪ ማንሣት፣ ምትክ መስጠት፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር መቀየር ነው። ዳር ላይ ያለው መሬት እርሻ ነበር። ካሳው ትንሽ ነው፣ ቦታው ሰፊ ነው፤ በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ቤት ይነሣል። ስለዚህ የቤቱ ዋጋ ወረደ፤ ለባለ ዕጣው ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን ከቤት እስከ ሥራ ያለው መንገድ በቤቱ ዋጋ ውስጥ አልተቆጠረም። ያን ሒሳብ አሁን የምትከፍለው የአባዶዋ ናት፤ በሳምንት 22 ሰዓት ተኩል።

የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ለመንገድ 30፣ ለአረንጓዴ 30፣ ለግንባታ 40 በመቶ ይላል፤ ወረቀቱ መጥፎ አይደለም። መሃሉንና ዳሩን ያገናኛል የተባለው ደግሞ ባቡሩ ነበር። መስከረም 2008 ሲጀምር 34 ኪሎ ሜትር መስመርና 41 ባቡር ይዞ ነበር። መስመሩ አለ፤ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመው ከርመዋል። አያት ፌርማታ ላይ የምታዩት ሰልፍ የዚያ ውጤት ነው።

የኔ አቋም፦ ከተማ መስፋቱን አልጠላም። ሰው ይመጣል፤ መምጣቱም መብቱ ነው። የምጠላው ቤቱ ብቻውን ሄዶ ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ቢሮውና ገበያው ኋላ መቅረቱን ነው።

የጤፍ ማሳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

"ዳር ላይ ያለው መሬት እርሻ ነበር፤ ካሳው ትንሽ ነው።" የፕላን ሰው፣ ይሄን ዓረፍተ ነገር አነበብኩትና ተመልሼ አነበብኩት።

እርሻው የአባቴ ነበር። ጤፍና ምስር ይዘራበት ነበር፤ በበጋ ከብት ይውልበታል። ቦታውን አልጠቅስም፤ ከናንተ ውስጥ እዚያ የሚኖር ይኖራል፤ በናንተ ቂም የለኝም። ካሳውን ሲቀበል ብዙ ብር መሰለው፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ በአንድ ላይ አይቶ አያውቅም። አንድ ያረጀ አይሱዙ ገዛ። አይሱዙው ሁለት ዓመት ሠርቶ ቆመ። አሁን አባቴ በገዛ ማሳው ላይ በተሠራው ሕንፃ ዘበኛ ነው። ሌሊት በባትሪ ሲዞር የትኛው ብሎክ ምስሩ ላይ፣ የትኛው ጤፉ ላይ እንደቆመ ያውቀዋል። አንድ ማታ "እዚህ ጋ ውኃ ያቁር ነበር፤ ምድር ቤቱ እርጥብ ይሆንባቸዋል" አለኝ። እውነትም ሆነባቸው።

እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ አስፋልቱ በደጃችን ስላለፈ ነው ለማለት ይቻላል። ታናሽ እህቴ ስትወልድ ክሊኒክ ደርሳለች፤ እናቴ እኔን የወለደችኝ እቤት ነው። ስለዚህ "ከተማ መጣና በላን" ብቻ ብል ውሸት ይሆንብኛል። "ከተማው ለሁሉም ጠቅሟል" የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ አባቴን ላስተዋውቀው እፈልጋለሁ። በ2006 እና በ2008 በማስተር ፕላኑ ምክንያት የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

አወያይ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

የጤፍ ማሳ፣ ስለጻፍክልን እናመሰግናለን። ሌሎቻችሁ፣ የማስተር ፕላኑና የወሰን ጉዳይ የራሱ ክር አለው፤ እዚያ ቀጥሉ። ከዚህ በታች የነበሩ አራት መልሶችን አንሥቻለሁ። ስድብ ስለነበረባቸው ነው።

የፕላን ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

የጤፍ ማሳ፣ ልክ ነህ። በሙያ ቋንቋ ስንጽፍ ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ይቅርታ፤ አባትህን ሰላም በልልኝ። ስለ እርጥበቱ ቀድሞ የጠየቃቸው ቢኖር ኖሮ መሠረቱ በሌላ መንገድ ይሠራ ነበር።

ሐዋሳዬ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ሐዋሳን በዓሣ ብቻ የሚያውቃት ሰው ስለበዛ ገባሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የአባዶዋ። ደስ ትላለች። መንገዷ ሲቆረቆር ጀምሮ በመስመር የተሠመረ ነው፤ ሜዳ ናት፤ ሳይክልም ባጃጅም ይነዳባታል። እኔ ከቤቴ ሥራ ቦታዬ 12 ደቂቃ ነው፤ ምሳዬን እቤቴ እበላለሁ። ማታ ልጆቼን ይዤ ሐይቁ ዳር እወጣለሁ።

ግን ስሚ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲከፈት የሠራተኛ ልጆች ጎረፉ፤ በአንድ ክፍል አራት አምስት ሆነው ተከራዩ። ኪራይ ወጣ፤ ወጥቶም አልወረደም። ወባ አለ፤ አጎበር ግዢ። ከተማዋም አንቺ ከሸሸሽው በሽታ ነፃ አይደለችም፤ ወደ ጥቁር ውኃ በኩል ሄደሽ ብታይ እየሰፋች ነው።

ሌላው ሕክምና ነው። አክስቴ ካንሰር ታማ ጨረር ታዘዘላት። ያን ጊዜ በአገሩ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ኮልፌ ዘመድ ቤት ተጠግታ ከረመች። ዘመድ ባይኖራትስ? አሁን በሌሎች ከተሞችም ተጀምሯል። ቢሆንም ነገር ሲከብድ "አዲስ አበባ ውሰዷት" መባሉ አልቀረም። እናትሽ ስንት ዓመታቸው ነው? መጠየቅ ያለብሽ እሱን ይመስለኛል።

የአባዶዋ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

68። ስኳር አለባት። ክትትሏ እዚህ ነው።

12 ደቂቃ ያልከውን ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ አንዷ ተነሥታ ወጣች።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡50

ሰላም ወገን። ከዚህ ማዶ አንድ ነገር ልበል። እዚህ ያለው ሐበሻ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ነው የተበተነው። ዲሲ ውስጥ መኖር ውድ ስለሆነ ሰው ወደ ዉድብሪጅ ወጣ፤ ከዚያም አለፈ። ጠዋት ናይንቲ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ቆመን ነው የምናረጀው። ልዩነቱ እኛ ብቻችንን፣ እያንዳንዳችን በየመኪናችን ውስጥ መቆማችን ነው። እናንተ ቢያንስ ታክሲ ውስጥ ትጨቃጨቃላችሁ።

እኔ ባለፈው ዓመት ሲኤምሲ አፓርትመንት ገዝቻለሁ፤ ስመጣ እኖርበታለሁ። ከተማዋ አምሮባታል፤ የእግረኛ መንገዱ፣ መብራቱ፣ የብስክሌት መስመሩ። ለምን ታማርራላችሁ?

አራብሳ ደርሼ የቀረሁ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡02

ወንድሜ፣ ስትመጣ የምትኖርበት ያ አፓርትመንት በዓመት 11 ወር ባዶ ነው አይደል? ቁልፉን ስጠኝና አላማርርም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡10

ተቀበልኩ። ቁልፉን ግን አልሰጥህም።

ምናለሽ ተራ | ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡20

ስለ እግረኛ መንገዱ አንድ ነገር። እኔ መርካቶ ብረታ ብረት ነው የምነግደው፤ እናንተ ቆርቆሮ የምትሉትን እኛ ሀብት እንለዋለን። ኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ብዙ አጉረመረምኩ። አሁን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ማታ በእግሬ ስሄድ ቦይ ውስጥ የመውደቅ ፍርሃት የለብኝም። ያን አልክድም። ያ መንገድ ላይ በጀበና ቡና የምትሸጥ የነበረች ደንበኛዬ ግን የት እንደገባች አላውቅም። ስልኳም አይሠራም። ሁለቱም እውነት ነው፤ እንዴት እንደማስታርቃቸው እኔንም ግራ ይገባኛል።

ስለ መስፋቱ ከጠየቃችሁ ግን እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው ሲበዛ በር ይበዛል፤ በር ሲበዛ መጋጠሚያ፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ ይሸጣል። ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ ወደዚህ ሲያመጣው የኔ አያት "ማን እዚህ ድረስ ይመጣል?" ብለው ነበር አሉ። መጣ።

ሰባራ ባቡር | ዓርብ፣ ከቀኑ 5፡40

ውኃስ? ማንም ውኃን አላነሣም። እኛ ጋ በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ እሱም ሌሊት። ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ሲገደቡ ይሄ ሁሉ ሰው ይመጣል ያለ አልነበረም። በ1999 ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ የቆጠረንም የለም። ውኃ ሲመጣ የሚሰማው የሮቶው ድምፅ እንደ ሠርግ ዘፈን ነው። ሚስቴ ከእንቅልፏ ተነሥታ ልብስ ታጥባለች፤ እኔ ጄሪካን እደረድራለሁ። በትዳራችን ብዙ ያወራነው በዚያ ሰዓት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ስሜ ይቆየኝ | ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡00

አምናለሁ። አንተ ለካ ከአንድ መስመር በላይ መጻፍ ትችላለህ!

የዶሮ ማነቂያው | ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡15

የአባዶዋ ልጄ፣ ምን ወሰናችሁ?

የአባዶዋ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

ጋሼ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁላችሁንም ሳነብ ከርሜያለሁ። ባለቤቴም አንብቧል፤ እናቴም ጮክ ብዬ አንብቤላት ሰምታለች። የጤፍ ማሳን ስታዳምጥ "እሰይ እንዴት ያለ ልጅ!" አለች፤ ከዚያ ተነሥታ በመስኮት ታች ታች ስታይ ቆየች።

የሆነው እንዲህ ነው። ለእናቴ "አንቺን ጥለን አንሄድም፤ አብረሽን ሐዋሳ ነይ" አልናት። እንደተለመደው ዝም አለች። በነጋታው ከኮሙናሉ ስትመለስ ከአንገቷ ላይ ክር አውጥታ አሳየችኝ። ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ለካ የብሎካችን ዕድር ዕቃ ቤት ኃላፊ እሷ ናት። እኔ እዚያው ቤት እየኖርኩ አላውቅም ነበር! ሁለት ድንኳን፣ ሰባት ብረት ድስት፣ 80 ወንበር፣ ጀበና፣ ትሪ፤ አንድ በአንድ በቃሏ ነገረችኝ። መጀመሪያ ስንገባ እዚህ ሰው ሞቶ የሚያለቅስ ጎረቤት አልነበረም አለች። አንድ ሽማግሌ ከአራተኛ ፎቅ አስከሬናቸውን የሚያወርድ ጠፍቶ የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው ያወረዱት። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ሣጥኑን ማቆም ነበረባቸው። እሷና ሦስት ሴቶች በዚያው ሳምንት በር እያንኳኩ በየብሎኩ ዞሩ። አሁን 140 አባል አላቸው። "እንግዲህ ሐዋሳ ሄጄ እንደገና በር ላንኳኳ? ጉልበቴስ?" አለችኝ።

እኔ ለካ በሳምንት 22 ሰዓት መንገድ ላይ ሆኜ፣ በቀረው ሰዓት ተኝቼ፣ እዚህ ሰፈር እንዳለ እንኳ ሳላውቅ ኖሬያለሁ።

ለጊዜው ባለቤቴ ብቻውን ሄዷል፤ ስድስት ወር እንሞክረው ብለናል። በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል። ቀላል አይደለም፤ ትንሹ ልጅ ማታ ማታ በሩን ያያል። ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደምንሆን አላውቅም። እኔም ከዚህ ቀረብ ያለ ሥራ እየፈለግኩ ነው፤ አያት ወይም ሲኤምሲ አካባቢ። ሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ሐዋሳዬ | እሑድ፣ ከቀኑ 11፡00

ባለቤትሽን በውስጥ መስመር አገናኚኝ። ብቻውን ምሳ አይበላም።

የጤፍ ማሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባቴ የሚጠብቃቸው ብሎኮች እስካሁን ዕድር የላቸውም። ሴቶቹ እንዴት እንደጀመሩት ቢነግሩን ደስ ይለኛል፤ ሲጀመር በአባል ስንት ብር አዋጡ?

የአባዶዋ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ጠይቄያት "በስልክ አይነገርም፤ አባቱን ይዞ ይምጣ፤ ቡና አፈላለሁ" ብላሃለች። ምድር ቤቱ እርጥብ የሆነባቸው እኛም አለን፤ አባትህ አይተው ይንገሩን።

ባለ ታፔላ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

እስከዚያው ለጠዋቱ አንድ ነገር። ወንድሜ ኮድ 3 ሚኒባስ አለችው፤ ከአባዶ የሚነሡ ዘጠኝ ሰዎች በወር ኮንትራት ይዘዋታል፤ በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ይጥላቸዋል። መነሻ 11፡50፤ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። ሁለት ቦታ ቀርቷል። የኋላ ወንበር ነው፤ አንዱ መቀመጫ ላይ ስፖንጁ አልቋል። ስትመጪ ትራስ ያዢ።